አንድ ስምንተኛ ክኒን

እና ሽንታቸውንስ ማን ይጠርጋል፣ ይኼን ማንም ጠይቆ አያውቅም፣ ልጆች በሚጫወቱት ጌም ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዓይነት አውሬ በየፋኖሱ ታጉሮ ይኖራል፣ ይበላል ተብሏል፣ ሲበላም ይታያል፣ የበላ ደግሞ የትም ዓለም ላይ ያው ነው፣ ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ግን ልጅም ከብትም አሳድገው የሚያውቁ አይመስሉም፣ አሥር ዓመት የሞላውን ሁሉ ባዶ ፋኖስ ወገቡ ላይ አንጠልጥለው፣ ሂድ አውሬ እየያዝክ ሰብስብ ብለው ከቤት ያስወጡታል፣ እናቱ በሩ ላይ ቆማ ተጠንቀቅ ትለዋለች፣ በቃ። መቶ ጊዜ ቢመለስ መቶ ጊዜ ተጠንቀቅ። ያንን በር አልፎ ገብቶ እናትየዋን ወንበር ላይ ያስቀመጠ፣ ልጇ ከሄደ በኋላ ምን እንደምትሆን የጻፈ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም፣ እሷ ግን በጨዋታው ላይ በምትፈጥረው ታሪክ ጽፋዋለች፣ ምዕራፍ ሁለት፣ እናትየው የልጁን አንሶላ ሳታጥብ ሦስት ሳምንት ታስቀምጠዋለች፣ ለዚያ ምዕራፍ ብቻ አራት መቶ ሰው አለቀስኩ ብሎ ጽፎላታል።

እህት፣ ለሳል የሚሆን ነገር፣ ትላታለች አንዲት ሴትዮ፣ ደረቅ ነው እርጥብ፣ ደረቅ፣ ሽሮፑን ታወርዳለች፣ በቀን ሦስቴ፣ አንድ አንድ ማንኪያ፣ ሳይነቀንቁ እንዳይወስዱ፣ አፏ ይናገራል እንጂ እሷ እዚህ የለችም፣ አሥራ አንድ ዓመት ከዚህ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ስትቆም አፏ ያለ እሷ መሥራት ለምዷል። ስለ መድኃኒት ልክ ከተነሳ ደግሞ እሷን የሚያህል የለም፣ የሐኪም ማዘዣ ዶሮ የጫረው ቢመስል እንኳ ከሩቅ ታነበዋለች፣ የሕፃኑን ክብደት ከነገሯት የሽሮፑን ሚሊ በቃሏ ትጠራለች፣ ባለቤቱ፣ ሠፈሩ ሁሉ ዶክተር የሚለው፣ ዶክተር ያልሆነው፣ እሱ እንኳ ማስያ ያነሳል፣ እሷ አታነሳም። ማን አየላት። ሰው እሷን የሚጠይቃት ዋጋ ነው፣ ሽንት ቤት አላችሁ ወይ ነው።

ስለዚህ በምሳ ሰዓት ጓዳ ትገባለች፣ የግሉኮስ ካርቶን ላይ ትቀመጣለች፣ ስልኳን ታወጣለች፣ ትጽፋለች፣ የብዕር ስሟም ጓዳ ነው፣ ሌላ ስም ለመፈለግ አልተጨነቀችም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላት ሴትዮ በልጆች ጌም ላይ ታሪክ እየፈጠረች ኢንተርኔት ላይ ትለቃለች ቢባል ዶክተሩ ይስቅባታል፣ እህቷ ታዝንላታለች፣ ከሳቁ ሐዘኑ ይብሳል፣ ሆድ ይፍጀው። አንባቢዎቿ ግን ዘጠኝ ሺህ ናቸው፣ ዘጠኝ ሺህ ሰው ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ይጠብቃታል፣ የሚወዱላትም አንድ ነገር ነው፣ እውነቱን። በጨዋታው አውሬ አይሞትም፣ ይዝላል ነው የሚባለው፣ ተቦጫጭቆ ይዝላል፣ የፈውስ ቤት ይወስዱታል፣ ነጭ የለበሰች ነርስ ፈገግ ትላለች፣ ደወል ይደወላል፣ በአራት ሰከንድ ድኖ ይወጣል፣ አራት ሰከንድ። በእሷ ታሪክ የነርሷ እግር አብጧል፣ ፋሻ አልቋል፣ ወረፋው በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል፣ አምስት ዓመት ሳይከፈት የቆየ ፋኖስ ሲከፈት የሚወጣው አውሬ ዓይኑ አያይም። እንዲህ ነው እንጂ ዓለም ማለት፣ ልጆቹም ቁርጡን ይወቁት።

ምዕራፍ ሃያ ሦስትማ የኩራቷ ኩራት ነው። ልጁ ከፈውስ ቤት የአራት ቀን መንገድ ርቆ ዝናብ ይይዘዋል፣ ጭሴ፣ ያቺ ድመት የምትመስለው፣ ከጆሮዋ ጭስ የሚወጣት የመጀመሪያ አውሬው፣ ትኩሳት ይነሳባታል። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን አንድ ጠቢብ ሽማግሌ ከዋሻ ብቅ ያደርግ ነበር፣ እሷ ግን የጨዋታውን መዝገብ ከፈተች፣ የየአውሬው ቁመትና ክብደት እዚያ ላይ አለ፣ ጭሴ አራት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ ለሕፃን በኪሎ አሥራ አምስት ሚሊግራም፣ ስድሳ ሦስት መጣ፣ የትኩሳት ክኒኑ አምስት መቶ ነው፣ ለስምንት ይከፈል። ልጁ እናቱ ኪሱ የከተተችለትን ክኒን አወጣ፣ በምላጭ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ከፈለ፣ አንዷን ቁራጭ በስኳር ውሃ በጥብጦ ከአፏ ጎን አንጠባጠበላት፣ ሲነጋ ጭሴ ተነስታ ጅራቷን ላሰች። አንባቢ አበደ። በመጨረሻ የሚያውቅ ሰው ጻፈ አሉ፣ ይቺ ሐኪም ሳትሆን አትቀርም አሉ፣ እሷም አይደለሁም አላለችም።

አሁን ልቧ ያለው ምዕራፍ አርባ ሁለት ላይ ነው፣ ጭሴን ልትገድላት ነው፣ በእርጅና፣ ቀስ ብላ፣ አንባቢዎቹ ከወዲሁ ሸትቷቸው እባክሽ እያሉ ነው፣ ይለምኑ፣ ሞት የሌለበት ዓለም ምኑ ዓለም ነው፣ የመጨረሻዋ ትንፋሽ ስንት ደቂቃ ትፍጅ፣ ጭሱ መጀመሪያ ይጥፋ ወይስ

እህቷ ትገባለች። ታላቋ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ከሥራ ብድግ ብላ መጥታለች ማለት ነው። ምነው፣ ማንን አመመው። ልጄን፣ ትላለች፣ ባንኮኒውን ተደግፋ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም፣ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ምናምን ስጪኝ። ትኩሳት አላት፣ የላትም፣ ታስመልሳለች፣ አታስመልስም፣ ታዲያ ምን ሆነች። አመዶ ሞተባት።

አመዶ ድመቱ ነው፣ ግራጫ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ልጅቷ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ከጎርፍ ቱቦ ጎትታ ያወጣችው፣ አራት ዓመት እግሯ ሥር የተኛ፣ አክስቷ ለበዓልም ለጥየቃም ስትሄድ ቀሚሷን ሰብስባ የምትሸሸው፣ ድመት ነው እንጂ ሰው አይደል ልትል አፏን ትከፍታለች፣ የእህቷን ፊት አይታ ትዘጋዋለች። እህቷ ደግሞ አንዴ ከጀመረች አታቆምም። ረቡዕ ከሌላ ድመት ተጣልቶ ገባ፣ ዐርብ አንገቱ አመርቅዞ ሰውነቱ እሳት ሆነ፣ እኔ የሙሽራ ልብስ ይዤ ቀና አላልኩም፣ ልጅቷ ራሷ ሐኪም ሆና ክኒን ሰጠችው፣ ያንን ለራስ ምታት ያመጣሽልኝን፣ በምላጭ ለስምንት ከፍላ፣ በስኳር ውሃ በጥብጣ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው፣ ከዚያ ፊቱ አበጠ፣ ድዱ ጠቆረ፣ አየር አጥሮት ሲያለከልክ አድሮ ቅዳሜ ከሰዓት እቅፏ ውስጥ ሞተ።

ለስምንት።

እና ምን እንደምትል ታውቂያለሽ፣ ትላለች እህቷ፣ ልኩ ትክክል ነበር ትላለች፣ ስልኳ ላይ የምታነበው ታሪክ ምናምን አለ፣ እዚያ ላይ ሠርቷል፣ የሳትኩት እኔ ነኝ፣ እጄ ተንቀጥቅጦ ቁራጩን አተለቅሁት፣ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ይኼንኑ ደጋግማ፣ አልቅሺ ብላት አታለቅስም፣ ቁጭ ብላ እጇን ታያለች።

ሽሮፑ ከላይኛው መደርደሪያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ታወርዳለች፣ አፏ ጧት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ ይላል፣ ከምግብ በፊት ይላል፣ እንዴት ያለ ታዛዥ አፍ ነው፣ እመጣለሁ ይላል፣ ዛሬውኑ እመጣለሁ፣ እህቷ አንቺ ካነጋገርሻት ትበላ ይሆናል ብላ ትወጣለች። ስምንት፣ ለስምንት የሚከፍል ስንት ሰው አለ፣ ሞልቷል፣ ሕፃን ያለው ሁሉ ይከፍላል፣ የለም፣ ለስምንት ማንም አይከፍልም፣ ለሕፃን ሽሮፕ አለ፣ ክኒን በምላጭ ለስምንት የሚከፍል በዓለም ላይ አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ እሱንም የፈጠረችው እሷ ናት።

ጓዳ። ካርቶኑ። ስልኩ። ምዕራፍ ሃያ ሦስት፣ ሁለት መቶ ሠላሳ አስተያየት፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ግሩም፣ ግሩም፣ አለቀስኩ፣ ግሩም፣ እዚህ ጋ፣ ባለ ጭራዋ የሚል ስም፣ ጓዳዬ ይኼ ለእውነተኛ ድመትም ይሆናል? ከሥሩ የራሷ መልስ፣ ልኩ እውነተኛ ነው ውዴ። ትዝ ይላታል፣ አሳምሮ ትዝ ይላታል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መርጣ ለአሥራ አምስቱ ብቻ የመለሰች ቀን ነው፣ ሌላው ስለ ፍቅር ስለ ዝናቡ ሲያወራ ይቺ ስለ ልኩ ስለጠየቀች ደስ ብሏት፣ ኧረ ደስታ ብቻም አይደለም፣ ጉራ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ማንም ስለ ልክ አመስግኗት አያውቅማ። ጥያቄው ስለ ድመት ነበር። እሷ ስለ ራሷ መለሰች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፣ የእሷ አፍ አራት ወር ሙሉ አምልጦ ሲዞር ከርሟል። ከስሙ ጎን ያለችውን ትንሽ ፎቶ በጣቷ ታሰፋለች፣ ግራጫ ድመት፣ አንድ ጆሮ፣ ያን ቀንም አይታዋለች፣ ምን ያለ አስቀያሚ ድመት ብላ አልፋለች፣ አራት ዓመት እየሸሸች አንድ ቀን ፊቱን ልብ ብላ አይታው ቢሆን ኖሮ ታውቀው ነበር።

ግን ምናልባት ከቁስሉ ነው፣ አዎ፣ ቁስሉ ነው፣ አመርቅዞ ነበር አላለችም እንዴ እህቷ፣ መርዙ ወደ ደሙ ገብቶ ይሆናል፣ ክኒኑማ ምን ያደርጋል፣ ሕፃን የሚወስደው ክኒን። ትወጣለች። ዶክተሩ ካርቶን ላይ ምልክት እያደረገ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ነገር ጠይቃው አታውቅም፣ የማታውቀው ነገር እንዳለ እንዲያውቅባት አትፈልግም ነበር፣ አሁን ትጠይቀዋለች፣ እንደ ወሬ አስመስላ፣ ድመት የትኩሳት ክኒን ቢወስድ ምን ይሆናል። ቀና እንኳ አይልም። ይሞታላ፣ ይላታል፣ ጉበቱ አይችለውም፣ ደሙ ይበላሻል፣ ሩብም ሆነ የሩብ ሩብ፣ ድመት ላይ ልክ የለውም፣ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው የሚነግሩሽ፣ ምነው፣ ድመት ማሳደግ ጀመርሽ እንዴ። ኧረ ዝም ብዬ ነው።

ዝም ብዬ። አንድ ጥያቄ ነበር፣ ካርቶን ላይ ሆኖ በአሥር ሰከንድ የሚመለስ፣ ጭሴን ከማዳኗ በፊት ከጓዳው በር ብቅ ብላ ዶክተር ብትለው ኖሮ፣ ግን እንዴት ትጠይቀው፣ እሷ ማስያ የማታነሳዋ፣ ደግሞስ ምን ብላ፣ ጭስ ለሚወጣት አውሬ ነው ልትለው። ኩራት ነው፣ ስሙ ሌላ አይደለም። ለሽንታቸው ተጨነቀች፣ ለነርሷ እግር ተጨነቀች፣ ለአንሶላው ተጨነቀች፣ የእውነት እናት ነኝ አለች፣ ድመቷን ግን በሕፃን ልክ ለካች።

ዝም ብትልስ። ማን ያውቃል። ጓዳ ማን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም፣ ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ልጅ ይረሳል፣ ሌላ ድመት ይገዛላታል፣ አይ፣ ድመት ማን ይገዛል፣ ከመንገድ ይነሳል፣ ሽሮፑን ትወስዳለች፣ በሳምንቱ ትበላለች፣ በወሩ ትስቃለች፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ እጇን ግን፣ ይቺ እጇን የምታየው ነገር፣ በሃያ ዓመቷም በሠላሳ ዓመቷም ምላጭ ስትይዝ የምታየው ከሆነስ። ዝም የምትል ከሆነ ድመቱን የገደለችው እሷ፣ የገዳይነቱን ስም የተሸከመችው ልጅቷ፣ እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፣ እዚህ ግን ጅራፉ ዝም ብሎ የተገረፈችው ናት ይቅርታ የምትለው።

ምዕራፉን ታነሳዋለች። አንድ ጊዜ መንካት ነው፣ ሃያ ሦስት የለም፣ ከሃያ ሁለት ወደ ሃያ አራት ይዘለላል። ማስታወቂያ ልትጽፍ ትጀምራለች፣ ውድ አንባቢዎቼ፣ አንዳንድ ጊዜ ብዕር ከጸሐፊው እጅ ትቀድማለች፣ ቆይ፣ ትቀድማለች ነው ታመልጣለች፣ ታመልጣለች ይሻላል፣ የለም ትቀድማለች፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቃል ስትመርጥ ትቆይና የምትሠራው ነገር ይገባታል፣ ድመት ሞቶ፣ ልጅ ጦሟን ውላ፣ እሷ ዓረፍተ ነገር ታሳምራለች፣ ትደመስሰዋለች፣ ምንም ሳትጽፍ ትተወዋለች፣ ከአሁኑ ሦስት ሰው ሃያ ሦስት የት ገባ እያለ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴን አመመኝ ብላ ዶክተሩን ታስፈቅዳለች፣ የራስ ምታት ክኒን ውሰጂ ይላታል።

መንገዱ አሥር ደቂቃ ነው፣ በፋርማሲው ጫማ፣ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፣ ምን ብላ ትጀምር፣ የኔ ቆንጆ ስሚኝማ፣ አይሆንም፣ አክስትሽ አንድ ነገር ልትነግርሽ ነው፣ ይኼ የሬዲዮ ነው፣ ዝም ብላ ትበለው፣ ዝም ብላ። የእህቷ የስፌት መኪና ከታች ይሰማል፣ ደረጃውን ትወጣለች፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ልጅቷ አልጋው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፣ አውራ ጣቷ ላይ ቀጭን የምላጭ ጭረት አለ፣ ሽሮፑ ከነክዳኑ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፣ የአመዶ ሳህን ታጥቦ ግድግዳው ሥር ተደፍቷል።

ሽሮፑን አልወስድም፣ ትላታለች ልጅቷ ሰላም ሳትላት። አትውሰጂ፣ ትላለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ለሽሮፕ አልመጣሁም። እማዬ ነገረችሽ። ነገረችኝ። በትክክል ነበር የተጻፈው እኮ አክስቴ፣ ትላለች ልጅቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እንደ ምስክር፣ ጓዳ የምትባል ጸሐፊ አለች፣ ሐኪም ናት፣ እሷ ዝም ብላ አትጽፍም፣ ሌሎቹ ይዋሻሉ፣ ደወል ተደወለ ዳነ ይላሉ፣ እሷ ግን እውነቱን ነው የምትናገረው፣ ጠይቄያት ራሱ መልሳልኛለች፣ ልኩ እውነተኛ ነው ብላኛለች፣ አመዶን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጬ ለካሁት፣ አራት ኪሎ ከመቶ፣ ከጭሴ በመቶ ግራም ብቻ ያንሳል፣ ስለዚህ ቁራጯን ትንሽ ማሳነስ ነበረብኝ፣ አልችል አልኩ፣ ምላጩ አዳለጠኝ።

መቶ ግራም። ልጅቷ መቶ ግራም አስባለች፣ እሷ ራሷ ያላሰበችውን፣ እንዴት ያለች ጠንቃቃ ልጅ ናት፣ በማን ወጣች፣ በማን እንደወጣች ታውቃለች።

ጓዳ ሐኪም አይደለችም፣ ትላለች። በምን አወቅሽ። ጓዳ እኔ ነኝ።

አትቀልጂ፣ ትላለች ልጅቷ፣ ሳትስቅ፣ እንዲያውም ትንሽ ተቆጥታ፣ እሷ እንዳንቺ አይደለችም። እውነቷን ነው፣ አክስቷ እንደ ጓዳ አይደለችም፣ ጓዳ አትቸኩልም፣ ጓዳ ከድመት አትሸሽም፣ ጓዳ ለምታነባት ልጅ ውዴ ትላለች። ስልኩን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ትሰጣታለች፣ ጽሑፎቹ ሁሉ እዚያ ላይ ናቸው፣ ገና ያልወጣው አርባ ሁለትም አለ፣ ልጅቷ በጣቷ ወደ ታች ትገፋለች፣ ትቆማለች፣ ትገፋለች፣ ፊቷ ላይ የሚሆነውን ማየት ከባድ ነው፣ ግን ታያለች፣ ሌላ ምን መብት አላት። ታች የስፌት መኪናው ይቆማል፣ ይቀጥላል።

የድመት ጉበት እንደ ሰው አይደለም፣ ትላለች፣ ድምጿ የባንኮኒ ድምፅ እንዳይሆን እየታገለች፣ ለድመት ያ ክኒን መርዝ ነው፣ ብታሳንሺውም መርዝ ነው፣ መቶ ግራሙ ምንም አይለውጥም ነበር፣ እኔ አላወቅሁም፣ ማወቅ ነበረብኝ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገቤ ቆሞ አልጠየቅሁም፣ አንቺ ግን ጠየቅሽ፣ ስትጠይቂኝ ደግሞ አውቃለሁ አልኩሽ።

ስለዚህ እጄ አልሳተም፣ ትላለች ልጅቷ።

አልሳተም። እንዳንቺ እኩል አድርጎ የሚከፍል የለም።

ልጅቷ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታየዋለች፣ ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ያልመጣው ልቅሶ ይመጣል፣ ዝቅ ብሎ፣ አክስቷ ልታቅፋት እጇን ታነሳለች፣ ልጅቷ ትሸሻለች፣ ትንሽ ብቻ፣ አንድ ስንዝር ያህል፣ አክስቷ እጇን ትመልሳለች፣ ልጅቷ ደግ አደረገች፣ እኔም ብሆን እሸሽ ነበር። ይቅርታ ማለት አለባት፣ ብላለች እንዴ፣ አላለችም፣ ይኼን ሁሉ ስታወራ ይቅርታ የምትለዋን ቃል አላወጣችም፣ ይቅርታ ትላለች፣ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አልጋው ላይ ይቀራል፣ የሚያነሳው የለም።

እና ሌሎቹስ፣ ትላለች ልጅቷ በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

የትኞቹ።

ዘጠኝ ሺህ ሰው ነው የሚያነብሽ፣ ድመት ያለው የለም?

አንስቼዋለሁ ምዕራፉን። ማንሳት ምን ያደርጋል፣ አንብበውታል እኮ፣ ትላለች ልጅቷ፣ እኔ ካነበብኩት አራት ወር ነው፣ በቃሌ ነው የያዝኩት፣ ነገርሻቸው? እየጻፍኩ ነበር፣ ትላለች፣ ቃሉ አልመጣ ብሎኝ፣ ታፍራለች፣ ጆሮዋ ድረስ ይሞቃታል። ልጅቷ ስልኩን ትመልስላታለች። ጻፊ፣ እኔ እነግርሻለሁ። ድመታችሁን የሰው ክኒን እንዳትሰጡ። ጻፍሽ? ጽፋለች። ይገድላል። ጽፋለች። ምዕራፍ ሃያ ሦስት ላይ ያለው ውሸት ነው። እዚህ ላይ ጣቷ ይቆማል፣ ስህተት ነው ብትለውስ፣ ስህተት የሚለው ይሻላል፣ ውሸት ሆን ተብሎ ነው፣ ቀና ስትል ልጅቷ እያየቻት ነው፣ ውሸት ነው ብላ ትጽፋለች። አመዶ የሚባል ድመት በእሱ ሞቷል። ጽፋለች። አሁን ስምሽን፣ የእውነቱን፣ የምትሠሪበትንም።

ስሟን ትጽፋለች፣ ዘጠኝ ሺህ ሰው ፊት፣ የመድኃኒት ቤት ሻጭ፣ ሐኪም ያልሆነች፣ ዶክተሩም ያየዋል፣ ይስቅ፣ እህቷም ታየዋለች፣ የእሷስ ሳቅ አይሆንም፣ ትለጥፈዋለች። ልጅቷ ስልኩን ወስዳ ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ አንድ ፊደል የሚታረም እንዳለ እየፈለገች፣ ትመልስላታለች፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ብርድ ልብሱን ትከናነባለች። አሁን ሂጂ፣ ትላታለች፣ እማዬን ጥሪልኝ።